ይነቀል ወይስ ይቆይ?

አማርኛችን በጥርስ ጉዳይ ሲያሞግስም ሲሳደብም አይሰስትም። ፍንጭት ያላትን ልጅ አድንቆ አይጠግብም፤ የላይኛው ጥርሷ ወደ ፊት የወጣባትን ግን በአንዲት ቃል ይጨርሳታል፦ ገጣጣ። ልጄ ይህችን ቃል ከትምህርት ቤት ይዛ ስንት ጊዜ እንደኖረች አልነገረችኝም። እኔ የሰማሁት ስድስተኛ ክፍል ሆና፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በሪሞት ሲጨቃጨቁ ከእሱ አፍ ነው። ወዲያው ደነገጠ። «እኔ አይደለሁም፣ እነሱ ናቸው የሚሏት» አለኝ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ሚጣ ነው የምንላት። ሚጣ ሳቂታ ልጅ ናት። ያን ሰሞን ግን ስትስቅ እጇ ወደ አፏ እንደሚሄድ፣ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን በግድ እንደምትገጥም ማየት ጀመርኩ። በግድ ያልኩት በምክንያት ነው። ዝም ብላ ቴሌቪዥን ስታይ ከንፈሮቿ አይገናኙም፤ የታችኛው ከንፈሯ ከላይኛው የፊት ጥርሷ ኋላ ይገባል። ሳንድዊች ሲሰጣትም በፊት ጥርሷ መቁረጥ ስለማይሆንላት በጎን በኩል ነበር የምትነጨው።

ለማሳከም ስንነጋገር ተቃውሞ የጠበቅኩት ከእናቴ ነበር። ድዷን በልጅነቷ የተነቀሰች የጎንደር ሴት ናት። «እኔን ያኔ በመርፌ ሲወጉኝ ለውበት ነው ብለው ነው፤ የሷ ደግሞ ለማኘክም ነው። ውሰጃት እንጂ ምን ታማክሪኛለሽ?» አለችኝ። የከበደው ባለቤቴ ነው። እሱ ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ይዞት «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተፈልፍሎ፣ ገና ያልበቀለ ጥርስ የወጣለት ሰው ነው። ይህ ልማድ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ጭምር እንደሚጎዳ ዛሬ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ የእሱም አንዱ የታችኛው ክራንቻ ተጣሞ ነው የበቀለው። «ብረት ይታሰርላት፣ አልቃወምም» አለ። «ግን ጤነኛ ጥርስ አይነቀልባትም።»

የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም የሁላችንንም ጥርስ የሞሉ፣ የምናምናቸው ሰው ናቸው። ሚጣን አዩና ቦታ እንደጠበባት፣ ምናልባትም ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ጥርስ ተነቅሎ ብረት መታሰር እንዳለበት ነገሩን። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ኦርቶዶንቲስት ነው ብለው ወረቀት ጻፉልን። ኦርቶዶንቲስት ማለት የጥርስ ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ጥርስና መንጋጋ በማስተካከል ላይ ብቻ ተጨማሪ ዓመታት የተማረ ሐኪም ነው።

መኪና ውስጥ ሚጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «የታመመ ጥርስ ይነቀላል። የኔ ካልታመመ ለምን ይነቀላል?»

እውነት ለመናገር እኔም ያልመለስኩት ጥያቄ ነበር። ማታ ማታ ማንበብ ስጀምር ደግሞ የጥርስ ሐኪሞች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ሆኖ አገኘሁት። የዘመናዊው የጥርስ ማስተካከል ሕክምና አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል፣ ተፈጥሮ የሰጠችን ጥርስ ሁሉ ቦታ አለውና መነቀል የለበትም ባይ ነበር። በ1911 እ.ኤ.አ. ካልቪን ኬዝ የተባለ ሐኪም «አንዳንድ ሰው ላይ ግን መንቀል ግድ ነው» ብሎ ተነሳና ትልቅ ክርክር ሆነ። ለጊዜው የአንግል ወገን አየለ። አንግል በ1930 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ግን የገዛ ተማሪው ቻርልስ ትዊድ፣ እሱ ራሱ ሳይነቅል ያስተካከላቸው ሰዎች ጥርስ ተመልሶ ሲበላሽ ተመለከተ። ብዙዎቹን ጠርቶ አራት አራት ጥርስ ነቅሎ እንደገና አከማቸውና ውጤቱን ለባልደረቦቹ አሳየ። ከዚያ ወዲህ መንቀል በጣም ተለመደ፤ በኋላ ደግሞ እየቀነሰ መጣ። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ። ሁለት ሐኪም ሁለት ነገር ቢነግረኝ አንዱ የግድ ዋሾ ነው ማለት አይደለም።

ኦርቶዶንቲስቷ በመጀመሪያው ቀን ስለ መንቀልም ስለ አለመንቀልም ምንም አልተናገሩም። ሚጣን ከፊትና ከጎን ፎቶ አነሷት፤ ሁለት ዓይነት ራጅ አዘዙ፤ ሊጥ በመሰለ ነገር የጥርሷን ቅርጽ ወሰዱ። በሳምንቱ ስንመለስ የጥርሷ አምሳያ ከነጭ ጄሶ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሏል። ሚጣ አንስታ ገለበጠችውና «ይሄ እኔ ነኝ?» አለች።

ሐኪሟ በማስመሪያ ለኩና አሳዩን። የላይኛው የፊት ጥርሷ ከታችኛው 9 ሚሊ ሜትር ቀድሟል። ጤናማው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። በታችኛው ረድፍ ደግሞ ጥርሶቿ በትክክል እንዲደረደሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ጎድሏቸዋል። «ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያላት» አሉን። «አንዱ የቦታ ጥበት ነው። ሁለተኛው የመንጋጋ ነው። ሰው የሚያየው የወጣውን የላይኛውን ጥርስ ነው፤ ራጁ ላይ ግን ዋናው ነገር የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው።»

ቀጥለው ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «የወር አበባ ጀምራለች?»

ሚጣ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔም ጥርስና የወር አበባን ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም ነበር። ነገሩ የዕድገት ነው። ልጆች ቁመታቸው ድንገት የሚመዘዝበት ጊዜ አለ፤ የታችኛው መንጋጋም ያኔ ነው በደንብ የሚያድገው። ሴት ልጆች ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ሲሆን፣ ወንዶች ላይ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። በጎን የተነሳው ራጅ ላይ የአንገት አጥንቶቿ ቅርጽም ያንኑ ይናገራል አሉን። ሚጣ 12 ዓመቷ ነበር፤ ገና አልጀመረችም። «እንግዲያው ጊዜ አለን» አሉ ሐኪሟ። በዚያ ቀን ከሰማሁት ሁሉ ልቤን ያሳረፈው ይህ ነው።

ባለቤቴ ግን ሌላ ነገር አልሰማም። «ዶክተር፣ ይነቀላል ወይስ አይነቀልም?» አለ።

መልሳቸው ቁጥር ነበር። ጥበቱ እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለጥበቱ ብቻ ተብሎ መንቀል ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከ10 ሲያልፍ ደግሞ ሳይነቀል የሚስተካከለው ጥቂቱ ነው። ሐኪሞችን የሚያከራክረው መሃል ያለው ነው። የሚጣ ከታችኛው ጫፍ ላይ ስለሆነች ሳይነቀል መሞከር ይቻላል፤ ለመንጋጋዋ ደግሞ ዕድገቷን እንጠቀማለን አሉ። ባለቤቴ እፎይ ሲል አዩትና አንድ ነገር ጨመሩበት። «አለመንቀልም ዋጋ አለው። ቦታ ፍለጋ ጥርሱን ወደ ፊት እየገፋን ከሄድን የታችኛው የፊት ጥርስ የቆመበት አጥንት ቀጭን ነው። ከልክ በላይ ከገፋነው ድዱ ይሸሻል፣ ጥርሱም ተመልሶ ይጣመማል። በስድስት ወር በስድስት ወር አያለሁ፤ ካልሆነ መንቀልን መልሼ አነሳዋለሁ።»

ይህን የምጽፈው አንዳንድ ቦታ «ያለ ማስነቀል!» የሚል ማስታወቂያ እያየሁ ስለሆነ ነው። እንደ ቅናሽ ዋጋ ተለጥፎ ሳየው እጠራጠራለሁ። የጓደኛዬ ልጅ የታችኛው ጥርሱ በ11 ሚሊ ሜትር የተጣበበ፣ ክራንቻው ከድዱ በላይ የተንጠለጠለ ልጅ ነበር። አራት ጥርሱ ተነቀለ። ዛሬ አፉን ከፍቶ ሲስቅ የተነቀለበትን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። እሱን ሳይነቅሉ ለማስተካከል የሞከረ ቢኖር ልጁን ይጎዳው ነበር። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ትነቅላላችሁ?» ከማለት «ስንት ሚሊ ሜትር ነው የጎደለው? ቦታው ከየት ነው የሚመጣው?» ብትሉ ይሻላል። ለክቶ የሚያሳይ ሐኪም ይመልስላችኋል።

ሕክምናው የጀመረው በሽቦ አልነበረም። ለሚጣ የተሠራላት ትዊን ብሎክ የሚባል፣ ከአፍ የሚወጣና የሚገባ ሁለት ፕላስቲክ ነው፤ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች። ሁለቱ ላይ ሰያፍ የሆኑ ጉብታዎች አሉ፤ ልጅቷ አፏን ስትገጥም ጉብታዎቹ እየተንሸራተቱ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ያመጡታል። ስኮትላንዳዊው ኦርቶዶንቲስት ዊልያም ክላርክ በ1977 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ነው። መንጋጋ ያሳድጋል ብዬ ጎረቤት ሁሉ ልንገር ስል ሐኪሟ አስቆሙኝ። ከለውጡ ብዙው የሚመጣው የላይኞቹ ጥርሶች ወደ ኋላ፣ የታችኞቹ ወደ ፊት በመሄዳቸው ነው፤ የመንጋጋው ድርሻ ከዚያ ያነሰ ነው። ሌላም ጥቅም ነገሩን። የወጣ የፊት ጥርስ ልጅ ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ሚጣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች።

ቀንም ሌሊትም፣ ሲበላም ጭምር ከአፍ አይወጣም፤ የሚወጣው ለማጽዳትና ለስፖርት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የምራቅ ሳምንት ነበር። «ሰላም» ስትል «ሽላም» ይሆናል። ማክሰኞ ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራ ማቅረብ ነበረባት፤ ሰኞ ማታ ሆዴን አመመኝ አለች። ወንድሙ የዚያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነው። እራት ላይ ተነስቶ እሱም እንደ እሷ ምላሱን አወፍሮ «ሽሮውን አቀብሉኝ» አለ። ልትቆጣ ፈልጋ ሳቀች። ማክሰኞ ሄደች። እንዴት ነበር ስላት «አለፈ» ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ወር ደግሞ ጠፋ። ምሳ ሰዓት ላይ አውጥታ በሶፍት ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጠረጴዛ ሲጸዳ ሶፍቱ አብሮ ይሄዳል። ደውላ ስታለቅስ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጓንት አመጡልኝና ሁለታችን የትምህርት ቤቱን ቆሻሻ ጆንያ ዘረገፍን። የፓስታና የእንጀራ ፍርፋሪ ውስጥ የላይኛው ተገኘ። የታችኛው ከሁለተኛው ጆንያ ሥር። ሴትዮዋ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስንት ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝና «እንግዲያው ባርኔጣ ላይ ይሰፋላት» አሉ። ማስቀመጫ ሳጥኑን ከዚያ ቀን በኋላ ረስታው ወጥታ አታውቅም።

ዋጋውን ካነሳሁ፣ ቀላል አይደለም። እኛ የከፈልነው ግማሹን ከዕቁብ ነው፤ የወጣልኝ ዕጣ ለሳሎን ሶፋ ታስቦ ነበር። ቀሪውን ክሊኒኩ በየወሩ እንድንከፍል ፈቀደልን። ይህን ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነውር የለውም። የተሰበረ ሽቦ፣ የጠፋ ዕቃ፣ መጨረሻ ላይ የሚደረገው መያዣ በዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ በጽሑፍ ማግኘትም እንዲሁ።

በአሥረኛው ወር 9 የነበረው 4 ሆነ። ከጎን የተነሳችውን ፎቶ ከፊተኛው ጋር ሳስተያየው ከንፈሮቿ ሳይታገሉ ተገናኝተዋል። ከዚያ ነው እውነተኛው ሽቦ የታሰረው። ለታችኛው ጥበት ሐኪሟ ሁለት ነገር አደረጉ። ረድፉን ጥቂት አሰፉት፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ምላጭ በቀጠነ መሞረጃ የፊት ጥርሶቿን ጎን ለጎን ሞረዱ። ከአንድ ጥርስ አንድ ጎን የሚወሰደው ከሩብ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ከብዙ ጥርስ ሲጠራቀም ግን ቦታ ይሆናል። አያምም፤ ድምፁ ግን ያስጠላል አለች ሚጣ። ላይኛውን ከታችኛው የሚጎትቱ ትንንሽ ላስቲኮችም ነበሩ፤ በየቀኑ የሚቀየሩ፣ ቀኑን ሙሉ የሚደረጉ። መኪና ወንበር ላይ፣ ሶፋ ሥር፣ አንድ ጊዜ ዶሮ ወጥ አጠገብ አግኝቻቸዋለሁ።

ቤታችን የተናጋው በምግብ ነው። ቆሎ ቀረ። ዳቦ ቆሎ ቀረ። ፈንዲሻ ቅርፊቱ ድድ ሥር ስለሚገባ ቀረ። አንግዲህ ቡና ተፈልቶ ምን ሊቀርብ ነው? እናቴ አምባሻ መጋገር ጀመረች። የበቆሎ እሸት ግን በቢላ ተሸልቅቆ በማንኪያ ይበላል፤ ክረምቱን ያለፍነው እንደዚያ ነው። ሽቦው በተጠበቀ ቁጥር ለሁለት ለሦስት ቀን ያማታል፤ ያኔ አጥሚትና ለስለስ ያለ ሽሮ ፍትፍት ነው። ጥርስ ማጽዳቱ ደግሞ ሌላ ትግል ነው። ሽቦ ያለበት ጥርስ በደንብ ካልጸዳ ብረቱ ሲፈታ ዙሪያው ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ እሱን የሚመልስ ሽቦ የለም። እናቴ መፋቂያዋን ይዛ ከጎኗ ትቆማለች። ሁለት ደቂቃ የምትቆጥረው በሰዓት አይደለም፤ አባታችን ሆይን ቀስ ብላ ደጋግማ በመድገም ነው።

ሽቦው በ16 ወሩ ተፈታ። ጥርስ አልተነቀለም። ባለቤቴ ሐኪሟን አመሰግናለሁ ሲል «ቁጥሩ ስለፈቀደ ነው» አሉት።

አሁን ከታችኛው ጥርሷ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ተለጥፎባታል፤ ለላይኛው ማታ ማታ የምታጠልቀው እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ አለ። «እስከ መቼ ነው?» አለቻቸው። ጥርስ በዕድሜ ሙሉ እንደሚንቀሳቀስ ነገሯትና ቀጥ ብሎ እንዲኖርላት እስከፈለገች ድረስ ነው አሏት። ይህን ስትሰማ ትንሽ ተናደደች። ስትስቅ እጇ አሁንም ይነሳል፤ ግማሽ መንገድ ደርሶ ይመለሳል።

የዚህ ወር ጭንቀታችን ወንድሟ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ባለፈው ቀጠሮ አብሮን መጥቶ ሐኪሟ ወንበሩ ላይ አስቀመጡትና የኋላ የወተት መንጋጋዎቹን ቆጠሩ። አንደኛው የታችኛው መበስበስ ጀምሯል። እኔ «ይወድቅ የለ» ልል ስል ነገሩኝ፦ የመጨረሻው የወተት መንጋጋ በቦታው ከሚበቅለው ቋሚ ጥርስ ይሰፋል። በታች በኩል በአንድ ወገን 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ቦታ ይዞ ነው የሚጠብቀው። በጊዜው ሲወድቅ ያ ቦታ ለተጣበቡት ጥርሶች ይሆናል፤ በስብሶ ቀድሞ ከተነቀለ ግን የኋላው ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይወስደዋል። የዚያኑ ዕለት ተሞላለት። አሁን ማታ ማታ እናቴ ሁለቱንም አሰልፋ ታቆማቸዋለች። እሱ ግን ሽቦ እንዲታሰርለት ነው የሚፈልገው፤ ሰማያዊውን ላስቲክ መርጦ ጨርሷል። የራጅ ቀጠሮው ለሐምሌ ነው።